ኮምፒውተሩ ከመምጣቱ በፊት መምህሩ ይቅደም

የተከበራችሁ የቦንጋና የካፋ ዞን ከተሞች መራጮች፣

ከዛሬ ወላጆች ብዙዎቻችሁ በፕላዝማ የተማራችሁ ናችሁ። መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ይህን ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀምር፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸው ትምህርት በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት፣ ከማዕከል በወጣ ሰዓት ይለቀቅ ነበር። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ሙከራ ማሳየቱን አንክድም። ነገር ግን አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ስክሪኑ ወሰደው፤ ለመምህሩ የቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ያልገባው ተማሪ ቢኖር ስክሪኑ አይደግምለትም። መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ አይጠብቅም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ስህተቱ የመሣሪያው ሳይሆን የአሠራሩ ነበር። ውሳኔው ከላይ ወረደ፤ መምህሩም በገዛ ክፍሉ ቴሌቪዥን ከፋች ሆነ።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲሰጥ፣ መብራት የሌለው ቤት ልጅ ውጭ ቀረ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀመረ። ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጠው በፈተናው ዕለት የሆነ የዋቻ ወይም የጪሪ ልጅ፣ ኮምፒውተር ቤቱ ካለው የአዲስ አበባ ልጅ ጋር በእኩል ተወዳደረ ሊባል አይችልም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። ስለዚህ የምንጠይቀው ችሮታ ሳይሆን መብት ነው። ቦንጋም ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ስለሆነች «ውሳኔው ከሩቅ መጣ» የሚል ሰበብ አይኖርም።

ፓርቲያችን ከተመረጠ፦

1ኛ/ ለመሣሪያ ግዢ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ለመምህራን ሥልጠና በጀት ይያዛል፤ ሥልጠናውም እዚሁ በቦንጋ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ እንዲሰጥ ይደረጋል።

2ኛ/ መብራት በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት ከኮምፒውተሩ ጋር የፀሐይ ኃይል ይተከላል፤ ትምህርቱም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይሆናል።

3ኛ/ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚቀርበው ትምህርት በካፊኖኖ፣ በአካባቢው መምህራን ይዘጋጃል።

4ኛ/ በየወረዳው የጥገና ባለሙያ ይመደባል፤ ስንት ኮምፒውተር፣ በስንት ብር እንደተገዛና ስንቱ እንደሚሠራ በየዓመቱ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል።

ውድ መራጮች፣ እኛን ጨምሮ «ኮምፒውተር እናመጣላችኋለን» የሚላችሁን ሁሉ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ማን ያስተምርበታል? መብራቱ ከየት ይመጣል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መልስ ለሌለው ድምፃችሁን አትስጡ።