የመንገደኛ የስፒርቶ ምድጃ አመራረጥና የነጋዴው ግዴታ

ጓዙን በጀርባው ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ የሸክሙን ክብደት በግራም ቢቆጥር የሚያስነቅፈው አይደለም። ጠዋት የማይሰማው ክብደት ማታ ትከሻን ይቆርጣልና። ስለዚህም ቀላል ምድጃ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በአልኮል፣ ይኸውም በተለምዶ ስፒርቶ በምንለው ነዳጅ፣ በሚሠራው ትንሽ ምድጃ ላይ ነው።

በጸሐፊነት ሥራዬ የሚደርሱኝን የዕቃ ዝርዝሮች ስመለከት ግን አብዛኞቹ የሚናገሩት የማቃጠያውን ክብደት ብቻ ነው። ነዳጁን፣ የነዳጁን ጠርሙስ፣ ድስቱ የሚቀመጥበትን እግርና የነፋሱን መከለያ አይቆጥሩም። ይህም ገዢውን የሚያሳስት ሚዛን ነው። በበኩሌ ምድጃ መመዘን ያለበት ከነነዳጁና ከነመሣሪያው ነው እላለሁ፤ ነዳጁም በሚኬድበት አገር የሚገኝ መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

የስፒርቶ ምድጃ ዐይነቱ ብዙ ቢሆንም በሁለት ከፍሎ መመልከት ይቻላል። አንደኛው ከናስ የተሠራው ጠንካራው ዐይነት ነው። በዚህ ሥራ የታወቀው ትራንጊያ የተባለው የስዊድን ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1925 ሲሆን፣ ድስቱና የነፋሱ መከለያ በአንድነት የተሰናዱበትን ምድጃ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። የናሱ ማቃጠያ ክብደቱ 110 ግራም ያህል ነው። የሚጠመዘዝ ክዳን ስላለው ከቀዘቀዘ በኋላ የተረፈውን ስፒርቶ ይዞ ይቆያል፤ እሳቱን የሚቀንስ ቀለበትም አለው። ሁለተኛው ሰዎች ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ በእጃቸው የሚሠሩት ነው። ድርብ ግድግዳ ያለው ሆኖ፣ በሙቀት የተነነው ስፒርቶ በዙሪያው በተበሱት ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየወጣ ይነድዳል። ክብደቱ 15 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ቢረገጥ ይጨፈለቃል፤ የተረፈውን ነዳጅ አያስቀምጥም፤ እግርና መከለያም ብዙውን ጊዜ ለብቻ ይፈልጋል። የሁለቱ ልዩነት ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ያህል ነውና፣ ነዳጁን በጥንቃቄ ለክቶ መጠቀም ላልለመደ ሰው የናሱ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። አንድ ግራም ስፒርቶ ሲነድድ የሚሰጠው ሙቀት አንድ ግራም ላምባ ወይም ጋዝ ከሚሰጠው 60 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ምድጃው ቢቀልል ነዳጁ ይበዛል። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በተራራ ላይ ለማፍላት፣ ግማሹ ሙቀት በከንቱ ይጠፋል ብለን ብንገምት፣ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ስፒርቶ ያስፈልጋል፤ ለነፋሱ ጨምረን 40 እንበል። በቀን ሁለት ሊትር የሚያፈላ አንድ መንገደኛ በአራት ቀን 320 ሚሊ ሊትር ይጨርሳል። ለመጠባበቂያ ግማሽ ሊትር ቢይዝ ክብደቱ 400 ግራም ያህል ነው፤ ከቀን ወደ ቀንም እየቀለለ ይሄዳል። በዚህ መጠን የስፒርቶው ምድጃ ከጋዙ ጋር መወዳደር ይችላል፤ የጋዙ መያዣ ባዶውን እንኳ ክብደት አለውና። መንገደኞቹ አራት ከሆኑ ግን ለዚያው አራት ቀን የሚያስፈልጋቸው ከአንድ ሊትር በላይ ነው፤ ምድጃውንም ደጋግሞ መሙላት ግድ ይሆናል። እንዲህ ላለው ጉዞ የላምባ ምድጃ ይሻላል።

ለምሳሌ የባሌን ተራሮች እንውሰድ። የሰነቴ አምባ ከፍታው ወደ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። በ4,000 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ባቄላ ወይም ምስር አበስላለሁ የሚል ሰው ነዳጁን ይጨርሳል እንጂ ድስቱን አያበስልም። ሽሮና ሻይ ግን ለስፒርቶ ምድጃ የተገቡ ናቸው፤ በሶና ጭኮ ደግሞ ከነጭራሹ እሳት አይጠይቁም። እንግዲህ ስንቁን በብልሃት ያዘጋጀ ሰው ከምድጃው ይልቅ በነዳጁ ብዙ ግራም ያተርፋል። በብርድ ሌሊት ስፒርቶ ቶሎ አይተንንምና እሳት አልይዝ ይላል፤ ጠርሙሱን በደንብ ከድኖ ካፖርት ውስጥ ማሞቅ ይበጃል።

ስለ ነዳጁ ጥራትም መናገር ያስፈልጋል። ለምድጃ የሚመረጠው ከመቶው 95 እጅ ያህሉ ኤታኖል የሆነው ነው። ለእጅ ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠው የ70 በመቶ አልኮል ውሃው ስለሚበዛ በደንብ አይነድድም። ሜታኖል ግን በመልኩ ከኤታኖል የማይለይ፣ ሙቀቱ ያነሰና ዓይንን የሚያጠፋ መርዝ ነው። ሰው እንዳይጠጣው መራራ ወይም መርዛማ ነገር የተጨመረበት ስፒርቶም ቢሆን በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ መሸጥ አይገባውም። በጉዞ መካከል በጨለማ የሚጠማ ሰው ጠርሙሱን አይመረምርምና።

ከውጭ አገር በአውሮፕላን የሚመጣ መንገደኛ ነዳጅም ሆነ የጋዝ መያዣ ይዞ መሳፈር አይፈቀድለትም። ምድጃውን ባዶውን ይዞ ይመጣል፤ ነዳጁን ከእኛ ገበያ ይፈልጋል። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኤታኖል ያመረተ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ኤታኖልን ከቤንዚን ጋር በ5 በመቶ መቀላቀል ተጀምሯል፤ በቀብሪበያህ የስደተኞች ሠፈርም ለምግብ ማብሰያ ውሏል። ከሸንኮራችን የሚወጣ ነዳጅ እያለ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቀውን የጋዝ መያዣ ብቻ መደርደር ከንግድ ብልሃት አይቆጠርም።

በዚህ ምድጃ ላይ የሚቀርበው ትልቁ ወቀሳ የእሳቱ አደጋ ነው፤ ወቀሳውም እውነት አለበት። የስፒርቶ ነበልባል በፀሐይ ብርሃን አይታይም፤ ጠፍቷል ብሎ በላዩ ነዳጅ የሚጨምር ሰው እጁንና ጠርሙሱን አንድ ላይ ያቃጥላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ እሳት ግን አይለቀምም። ብዙዎቹ ምድጃዎች መዝጊያ ቧንቧ ስለሌላቸው ቢገለበጡ ነዳጁ እየነደደ ይፈስሳል። በአሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል በድርቅ ወራት በብዙ ቦታ የሚከለከሉት ስለዚህ ነው። ባሌም እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2008 የአስታውን ዱር ያወደመ ቃጠሎ ደርሶበታል። ስለዚህ ምድጃውን በሣር ላይ ሳይሆን በድንጋይ ወይም በባዶ መሬት ላይ ማስቀመጥ፣ ቀዝቅዞ ሳይዳሰስ አለመሙላት፣ በድንኳን ውስጥም ፈጽሞ አለማንደድ የግድ ነው፤ በድንኳን ውስጥ ጭሱ ሳይታይ ይገድላል። የዱሩ ሣርና ቁጥቋጦ በደረቀበት ወር፣ መዝጊያ ያለውን ምድጃ መምረጥ ይሻላል። ይሁን እንጂ አደጋውን ሸሽቶ የአስታውን እንጨት እየቆረጡ ማንደድ ዱሩን ቀስ በቀስ ማጥፋት ነውና መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

አንዳንድ ነጋዴ ወንድሞቻችን «የዕቃዬን ጉድለት ራሴ ብናገር ማን ይገዛኛል?» ይሉ ይሆናል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ለአንድ ሰው የሦስት ቀን ጉዞ የስፒርቶውን፣ ለብዙ ሰው የላምባውን፣ በደረቅ ወር መዝጊያ ያለውን ብሎ የሚመክር ነጋዴ ሦስት ዐይነት ዕቃ ይሸጣል፤ ገዢውም በደኅና ተመልሶ ወዳጁን ይልክለታል። ዝም ብሎ የቀለለውን የሸጠ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይሸጣል።

ስለዚህ በየመደብሩ ከእያንዳንዱ የስፒርቶ ምድጃ ጋር አንዲት የአማርኛ ወረቀት ትያያዝ። ሙሉ ክብደቱን ከነእግሩና ከነመከለያው፣ አንድ ሊትር ለማፍላት የሚበላውን ነዳጅ፣ የሚስማማውን የስፒርቶ ዐይነትና ከላይ የተዘረዘሩትን ጥንቃቄዎች ትናገር። ነዳጁም የራሱ ስምና የአደጋ ምልክት በተለጠፈበት ጠርሙስ ይሸጥ። የወረቀቷ ዋጋ ጥቂት ሳንቲም ነው፤ በተራራ ላይ ግን የሰውን እጅና ዓይን፣ ብሎም ሕይወቱን ልታድን ትችላለች።