የማይታይ ቁስል

ኳስ ተጫዋች እግሩ ቢሰበር ሁላችንም «እግዜር ይማርህ» እንለዋለን። አእምሮው ቢታመምስ? «ፈሪ ነው፤ አብዷል» እንላለን።

ሮበርት ኤንኬ የጀርመን በረኛ ነበር። ለአገሩ 8 ጊዜ ተሰልፏል። ድብርት የሚባል የአእምሮ ሕመም ነበረበት። ለዓመታት በድብቅ ታከመ። በ1999 ዓ.ም. የ2 ዓመት ልጁ በልብ ሕመም ሞተችበት። ኋላም ሌላ ሕፃን በማደጎ ወሰደ። «ሕመሜ ቢታወቅ ኳሱንም ልጄንም አጣለሁ» ብሎ ፈራ። ኅዳር 1 ቀን 2002 ዓ.ም. በ32 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

ሕመሙን ሚስቱና ሐኪሙ በማግሥቱ ለሕዝብ ተናገሩ። ሊሰናበተው ከ30,000 በላይ ሰው ስታዲየም ገብቶ አለቀሰ። ያ ሁሉ ሐዘኔታ ግን የመጣው እሱ ከሞተ ወዲያ ነው። ዛሬ በስሙ የቆመ ድርጅት ስለ ድብርት ያስተምራል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እውነት ነው። ነገር ግን እኛ ከሳቅንበት ማን ደፍሮ ይናገራል?

ጎረቤታችን እንቅልፍ ቢያጣ፣ ምግብ ቢያስጠላው፣ ከሰው ቢሸሽ አንሳቅበት። ቀረብ ብለን «ምን ሆንክ ወንድሜ?» እንበለው። ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ አብረነው እንሂድ። ለሞተ ከማልቀስ ለታመመ መድረስ ይሻላል።