ነቀፋ ሲደርስብን

ሰው ሆኖ ከነቀፋ የሚያመልጥ የለም። ነገር ግን ነቀፋ ሁሉ ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ስላይደለ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ መስጠት አይገባም። ይህንንም በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ1ኛው ምዕራፍ ከተጻፈው ከሐና ታሪክ እንማራለን።

ሐና ልጅ ስላልነበራት ጣውንቷ ፍናና በየዓመቱ በሴሎ ወዳለው ወደ እግዚአብሔር ቤት በወጡ ጊዜ ታበሳጫት ነበር። ይህ ነቀፋ ከክፋት የመጣ ነበረ። ሐናም አለቀሰች፤ እህልም አልቀመሰችም፤ ስድብን በስድብ እንደ መለሰች ግን አልተጻፈም። ኀዘኗን ይዛ በእግዚአብሔር ፊት ለጸሎት ቆመች።

በዚያም ሁለተኛ ነቀፋ አገኛት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምጿ ስላልተሰማ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ገሠጻት። የእርሱ ነቀፋ ግን ካለማወቅ የመጣ ነበረና ዝም አላለችውም፤ የወይን ጠጅ አለመጠጣቷንና ልቧ ማዘኑን በትሕትና አስረዳችው። እርሱም በሰላም እንድትሄድ መረቃት።

እንግዲህ በቤታችንም ሆነ በሥራችን ክፉ ቃል ሲደርስብን አስቀድመን ምንጩን እንመርምር። በክፋት የሚናገረንን ለእግዚአብሔር እንተወው፤ ባለማወቅ የሚነቅፈንን በለዘበ ቃል እናስረዳው። ይልቁንም ሹመት ያለን ሰዎች ዔሊ የፈረደው በዓይኑ ባየው ብቻ መሆኑን እናስብ፤ ሳንጠይቅ የምንናገረው ተግሣጽ ያዘነውን ሰው ዳግመኛ ያቈስለዋልና።