ሳይቸግር ጤፍ ብድር

መቼም የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ዲስክ ሲጽፍ የቴክኖሎጂ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። ይሁን እንጂ ነገሩ የዲስክ ብቻ አይደለም፤ ምክርን ከነምክንያቱ የመቀበልና ያለምክንያቱ የመሸምደድ ጉዳይ ነው። ሌላውን ከመውቀሴ በፊት እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልናገር።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ፣ አንድ የታሪክ ተማሪ ጓደኛዬ አሮጌ ላፕቶፑን ይዞ ፉሪ ወደሚገኘው ቤታችን መጣ። ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን ለመሸከም አቅም የለውም። ሲከፈት አቦል ተቀድቶ እስኪጠጣ ያስጠብቃል። ባትሪው ስለሞተም ከሶኬት ሲነቀል ያን ጊዜውን ይጠፋል። እኛም የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥተን ኤስኤስዲ አስገባንበት፤ በላዩም ኡቡንቱ ሊኑክስን ጫንን። ላፕቶፑ ነፍስ ዘራ። እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ መልካም ነበር።

እኔ ግን ለጀማሪ የተጻፈ አንድ የትእዛዝ ዝርዝር አግኝቼ ነበር። ዝርዝሩ ኤስኤስዲ በጽሕፈት ብዛት ስለሚያልቅ ጆርናሉን አጥፋ፣ ስዋፑን አንሣ ይላል። ለምን ብዬ ሳልጠይቅ እንደ ታዘዝኩት አደረግሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጓደኛዬ የድምፅ ቅጂዎቹን በማዘዋወር ላይ ሳለ በፉሪ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ብዙ ሰዓት ራሱን ሲመረምር ቆየ። በመጨረሻም ከሽማግሌዎች የቀዳቸው ቃለ ምልልሶች ገሚሶቹ ጠፍተው፣ ገሚሶቹ ተቆራርጠው ተገኙ። ስልኩ ላይ የነበሩትን ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ አስቀድሞ ሰርዟቸዋል።

ለመሆኑ ጆርናል ምንድን ነው? ባለሱቅ ዕቃ ከማዘዋወሩ በፊት በደብተር እንደሚጽፍ ሁሉ፣ ኤክስት 4 የተባለው የሊኑክስ የፋይል አያያዝ ሥርዓትም በፋይሎች አደረጃጀት ላይ ሊያደርግ ያሰበውን ለውጥ አስቀድሞ የሚመዘግብበት ደብተር ነው። በመካከሉ መብራት ቢሄድ፣ ተመልሶ ደብተሩን ያነብና የጀመረውን ይፈጽማል ወይም ይተወዋል። እርግጥ ገና ያልተቀመጠ ጽሑፍን አያድንም። ዲስኩ ግን የቱ ፋይል የት እንዳለ እንዳይጠፋው ይጠብቀዋል። እንግዲህ እኔ ባትሪ በሌለው ላፕቶፕ፣ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር፣ ይህን ደብተር በገዛ እጄ ቀደድሁት ማለት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ምክሩን የጻፉት ሰዎች ዋሾዎች ነበሩ አልልም። ኤስኤስዲ ትንሽና ውድ በነበረበት ዘመን ስለ ጽሕፈት መጨነቅ ተገቢ ነበር። ኤስኤስዲ በተጻፈበት ቦታ ላይ ደርቦ መጻፍ አይችልም፤ አስቀድሞ መደምሰስ አለበት። ስለሆነም የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ የሚነገርበት ትሪም የተባለ ትእዛዝ ያስፈልገዋል። የሊኑክስ ከርነል ይህን ትእዛዝ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው በ2.6.33 እትም ነው። ዛሬ ኡቡንቱ ትሪምን በሳምንት አንድ ጊዜ ያለ ማንም ቀስቃሽ ያካሂዳል፤ የዲስክ ክፍልፋዮችንም በትክክለኛው ቦታ ላይ ራሱ ይጀምራቸዋል። ሰዎቹ ለዘመናቸው እውነት ተናገሩ፤ እኛ ግን ዘመኑንም አገሩንም ሳንመረምር ተቀበልን።

የማለቅን ነገር ደግሞ እስቲ በሒሳብ እንየው። አንድ ኤስኤስዲ 80 ቴራባይት እስኪጻፍበት ድረስ ዋስትና ተሰጥቶታል እንበል። በቀን 20 ጊጋባይት ብንጽፍበት በዓመት 7.3 ቴራባይት ይሆናል፤ ይህም 11 ዓመት ገደማ ያዘልቃል። ከእኛ መካከል በቀን 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ማን ነው? ስዋፕንም ቢሆን 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ማንሣት ዲስክን ማዳን ሳይሆን፣ ማስታወሻው ሲሞላ የከፈትነው ጽሑፍ በድንገት እንዲዘጋ መፍቀድ ነው።

አንዳንዱ፣ «እንግዲያው ነገሩን ለባለሙያ መተው ነው» ይል ይሆናል። በበኩሌ አልስማማም። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በ21 ዓመቱ ነው። ሥራውንም ማንም ገልጦ እንዲያየው ክፍት አድርጎ አበረከተው። ክፍት ሆኖ የተሰጠንን ነገር ዓይናችንን ጨፍነን ብንሸመድደው ምን ተጠቀምን? ጀማሪ መድፈር አለበት፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ እርምጃ ምክንያቱን እየጠየቀ ይድፈር።

ምክንያታቸውን መናገር የምችላቸው ጥቂቶች ናቸው። አስቀድሞ ፋይልህን በሌላ ዲስክ ገልብጥ፤ ዲስክ ሲደመሰስ የሚመልሰው ግልባጭ ብቻ ነውና። ሳትገዛ ማሽንህ የሚቀበለውን ዓይነት እወቅ፤ ኤም.2 የሚባለው ቀጭኑ ዓይነት መልኩ ተመሳስሎ ሳለ አንዱ በሳታ፣ ሌላው በኤንቪኤምኢ ይሠራልና። ሊኑክስን ከመጫንህ በፊት በፍላሽ አስነሥተህ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን ሞክር፤ እስክትጭነው ድረስ ዲስክህን አይነካውም። በምትጭንበት ጊዜ ዲስኩን በተራው ሳይሆን በመጠኑና በስሙ ለይ፤ ከተቻለ አሮጌውን ነቅለህ አስቀምጥ፤ የተሳሳተውን መምረጥ መደምሰስ ነውና። የቀረውን ሥርዓቱ ራሱ እንዳዘጋጀው ተወው። ለትርፍ ወጪ ገንዘብ ካለህም ከሁሉ በፊት ባትሪ ግዛ።

ማኅበራችንም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ቢመድብ መልካም ነው እላለሁ። የቴክኖሎጂው ተማሪ ያስረዳ፤ የአርትሱ ተማሪ «ለምን?» እያለ ይጠይቅ። መልስ ያላገኘው ትእዛዝ ከዝርዝሩ ይፋቅ።

ከጓደኛዬ ጋር የጠፋውን ድምፅ ዳግመኛ ለመቅዳት ፉሪ ሁሉ እርሻ በነበረበት ዘመን ያደጉ አንድ አባት ዘንድ ሄደን ነበር። ሽማግሌው በትዕግሥት አዳመጡንና፣ «ልጆቼ፣ ያን ቀን የነገርኋችሁ የት ገባ?» አሉን። ጓደኛዬ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም ማን እንዳዘዘኝ መናገር እችል ነበር፤ ለምን እንዳደረግሁት ግን መልስ አልነበረኝም።