በረባሶ ስድብ የሆነው መቼ ነው?

«በረባሶ ያጠለቀ» የምትለዋን አነጋገር ያልሰማ የከተማ ልጅ ይኖራል ብዬ አላስብም። ስለ ጫማ የተነገረች ትመስላለች፤ ነገሯ ግን ስለ ሰውየው ነው። ገና ከገጠር መምጣቱን፣ ኪሱ ባዶ መሆኑን፣ ካፌ ቢገባ አስተናጋጁ ከእግር እስከ ራሱ እንደሚገመግመው በሁለት ቃል ትናገራለች። እኔ ደግሞ ዛሬ ለበረባሶ ጥብቅና ልቆም ነው። ስቃችሁ ስትጨርሱ እንቀጥል።

አኒሜ የምታዩ ወዳጆቼ፣ ጃፓኖች ለበጋ በዓል ሲወጡ «ቋ... ቋ...» እያደረጉ የሚሄዱበትን የእንጨት ጫማ ሳታውቁት አትቀሩም። ስሙን በእኛ ፊደል ስትጽፉት «ጌታ» ሆኖ ቁጭ ይላል (እግር ስር የዋለ ብቸኛው ጌታ ሳይሆን አይቀርም)። ጥሩ የሚባለው ኪሪ ከሚሉት ዛፍ ይሠራል። እንጨቱ ቀላል ነው፣ ላብም ይመጣል። ከስሩ ያሉት ሁለት ጥርሶች ሰውየውን ከጭቃው ከፍ ያደርጉታል። የጥንቱ ዓይነት ግራና ቀኝ የለውም፤ የጣት ማስገቢያው መሃል ላይ ስለሆነ እያቀያየሩ ቢያደርጉት እኩል ያልቃል። ማሰሪያውን ደግሞ ባለሙያው የገዢውን እግር አይቶ ያጠብቃል ወይም ያላላል። ዛሬ ጌታ አድርጎ ቢሮ የሚገባ ጃፓናዊ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚያፍርበት ግን አላየሁም። ዞሪ የሚባለው የጌታ ዘመድ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በላስቲክ ተሠርቶ ዓለምን ዞረ። መታጠቢያ ቤታችሁ በር ላይ ያለው ነጠላ ጫማ የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ይህን ሁሉ ያወራሁት አዲስ ዓለም ልወስዳችሁ ነው። በአምቦ መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ ታገኟታላችሁ። አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ሊያዛውሩባት ያሰቡ ከተማ ነበረች፤ ባሕር ዛፍ መጥቶ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ባያቃልል ኖሮ ዛሬ እኛ የአዲስ ዓለም ልጆች በሆንን ነበር። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ቦታ ጽዮን ማርያም ሆነ። ወደ እሷ የተሠራው መንገድ ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ዛሬ ወለጋ የሚወጣና የሚወርድ የጭነት መኪና ጎማውን የሚጨርሰው በዚሁ መስመር ነው። ያለቀው ጎማ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጀምራል።

ገበያው ጥግ ላይ አንድ ጋሼ ሲሠሩ ቆሜ አየሁ (ስላላስፈቀድኳቸው ስማቸውን አልጽፍም)። ገዢው እግሩን ጎማው ላይ ያሳርፋል፤ እሳቸው ዙሪያውን ምልክት ያደርጋሉ። ቢላዋው ላስቲኩ ውስጥ እንዳይያዝ ውሃ እየነካኩ ይቆርጣሉ። ክንድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ግን ጉልበት ብቻ ያለው ሰው ቢሞክረው ጎማውንም ጣቱንም ያበላሻል። የጎማው የራሱ ጉብጠት ሳይባክን የጫማው አፍንጫ ወደ ላይ ቀና ማለት ይሆናል። ከውስጠኛው ላስቲክ የተሸነሸነው ማሰሪያ በጎን በኩል በተቀደደው ቀዳዳ ይገባና በምስማር ይያዛል። መሬት የሚረግጠውን የጎማ ክፍል እኛም «ጥርስ» ነው የምንለው። የሰው እግር ተለክቶ የተሠራ፣ ጥርስ ያለው፣ ጭቃ የማይፈራ ጫማ! ታዲያ ከጌታ በምን አነሰ?

ደግሞ ጎማ ሁሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በውስጡ የናይሎን ክር ያለው እሺ ብሎ ይቆረጣል። የብረት ሽቦ ያለው ግን ቢላዋውን ያደንዛል፣ የተቆረጠው ሽቦም እግር ይወጋል። ዛሬ ዛሬ የሚገባው ጎማ ደግሞ እየበዛ ያለው ባለ ሽቦው ነው። በአንድ በኩል ጥሬ ዕቃው ሲመናመን በሌላ በኩል ርካሹ የፕላስቲክ ጫማ ገበያውን ሞልቶታል። ለሙያው ወራሽ ቢፈለግ ደግሞ «በረባሶ ሠሪ» መባልን የሚሸሽ ወጣት ነው የሚገኘው።

ይህን ሐሳብ ከእኔ በፊት በሥራ ያሳየች አለች። ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሠፈር ሶልሬብልስን ስታቋቁም መነሻዋ ይኸው የጎማ ጫማ ነበር። ያለቀ ጎማ ከታች፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ከላይ አድርጋ አውሮፓና አሜሪካ ሸጠችው። እዚያ የገዛው ሰው ዘመናዊ ተባለ። አዲስ ዓለም የገዛው ገበሬ ግን እስከ ዛሬ ያው «በረባሶ ያጠለቀ» ነው። ይሄ እኔን ያናድደኛል።

«ድህነትን አታስውቢ» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን በረባሶን ከቆዳ ጫማ ጋር አላወዳድርም፤ የማወዳድረው ከባዶ እግር ጋር ነው። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው እግሩ የሚያብጥበት በሽታ አለ፤ በተለምዶ ዝሆኔ ይባላል፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። እዚሁ ምዕራብ ሸዋ ሚዳቀኝ ወረዳ ውስጥ ተጠንቶ በብዛት እንዳለ ታይቷል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሆኖም እርግማን ነው፣ ይጋባል እየተባለ ስንት ሰው ከትዳርና ከማኅበር ተገልሎበታል። በጫማና በውሃ መከላከል ይቻል የነበረ በሽታ!

ባዶ እግርን ማሞገስ የምንወደው በአበበ ቢቂላ ምክንያት ይመስለኛል። ሮም ላይ በ1952 በባዶ እግሩ ማሸነፉን ሁላችንም እንተርካለን። በዓመቱ ኦሳካ ላይ ሲሮጥ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባለው ጃፓናዊ ጫማ ሠሪ (ኋላ አሲክስ የሆነውን ድርጅት የመሠረተው) አግባብቶ ጫማ እንዳደረገለት፣ ያንንም ውድድር እንዳሸነፈ፣ በ1957 ቶኪዮ ላይም ወርቁን ያገኘው ጫማ አድርጎ እንደሆነ ግን ብዙ አናወራም።

በረባሶ እንዳለ ይበቃል እያልኩ አይደለም። ጣት ያሳያል፣ አፈር ያስገባል፤ ለዚህ በሽታ የሚመከረው ሽፍን ጫማ፣ ካልሲና እግርን መታጠብ ነው። ስለዚህ ፋሽን ተማርን የምትሉ እኩዮቼ ለቱሪስት መደርደሪያ የሚሆን ጌጥ ከምትሠሩ፣ አንድ ቀን መጥታችሁ ከእነዚህ ባለሙያዎች ጎን ብትቀመጡ ምናለ? ጣት የሚሸፍን መሥራት ይቻል እንደሆነ ጋሼን ጠይቄያቸው ነበር። ከላይ ቆዳ ቢጨመርበት እንደሚቻል፣ ግን እስካሁን አንድም ሰው አዝዟቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ።