ማየት ሌላ፣ መያዝ ሌላ

“ቢትኮይን የሌባ ዋሻ ነው” የሚሉ ወገኖች አሉ። “የለም፤ ዝውውሩ ሁሉ ስለሚመዘገብ ሌባ አያመልጥም” የሚሉም አሉ። ሁለቱም የያዙት ግማሽ እውነት ነው።

መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ የተጻፈበትም አይፋቅም። በ2016 እ.ኤ.አ. ቢትፊኔክስ ከተባለ መገበያያ 119,754 ቢትኮይን ተዘረፈ። መርማሪዎች ዱካውን ተከትለው በ2022 ኒውዮርክ ላይ ባልና ሚስት ያዙ፤ 3.6 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ቢትኮይንም በእጃቸው አስገቡ። እሰየው!

በ2025 ከባይቢት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲዘረፍስ? የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ድርጊቱ የሰሜን ኮሪያ መሆኑን በሳምንት ውስጥ አስታወቀ። ዘረፋው ግን ዓለም እያየው ከአድራሻ ወደ አድራሻ ሄደ።

ለምን? መዝገቡ የሚያሳየው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። ስም መጠየቅ ያለበት ቢትኮይኑን ተቀብሎ ዶላር የሚመነዝረው ነው። ከመንዛሪዎቹ ሁሉ ትልቁ ባይናንስ እንኳ በ2023 የሕገ ወጥ ገንዘብ ዝውውር መከላከያ ሕግን መጣሱን አምኖ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል።

እንግዲህ በመዝገቡ ላይ ጣት መቀሰሩም፣ በመዝገቡ መመካቱም ይብቃ። ተቀባይ ከሌለ ሌባ የለም። ስም ሳይጠይቅ የሚመነዝር ሁሉ እንደ ሌባ ተቀባይ ይጠየቅ!