ቡድን የማን ነው?

ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች የሆንን ተማሪዎች ኳስ ከሚታይበት ቤት አንገታችንን ደፍተን ወጣን። ቡድናችን በእንግሊዝ አራተኛው የሊግ ደረጃ ከሚጫወተው ከግሪምስቢ ታውን ጋር 2 ለ 2 ከተለያየ በኋላ፥ በመለያ ምት 12 ለ 11 ተሸንፎ ከሊግ ዋንጫ ተሰናበተ። በመንገድ ላይ አንዱ ጓደኛችን «ለመሆኑ ግሪምስቢ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት ጠፋ። የዩናይትድን ተጠባባቂ በረኛ ስም ከነቁመቱ የምናውቅ ሰዎች ያሸነፈንን ከተማ አለማወቃችን አሳፈረንና መጠያየቅ ጀመርን።

ግሪምስቢ በምሥራቅ እንግሊዝ በባሕር ዳር የምትገኝ የዓሣ ወደብ ናት። የቡድኑ ሜዳ ብለንደል ፓርክ ግን ክሊቶርፕስ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ውስጥ ስለሆነ፥ ግሪምስቢ በገዛ ሜዳው እንኳ እንግዳ ነው እየተባለ ይቀለድበታል። ደጋፊዎቹ በዓሣ ሲሾፍባቸው አይቆጡም፤ እንዲያውም በትንፋሽ የሚነፋ የላስቲክ ዓሣ ይዘው እያውለበለቡ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ቡድናቸው ለኤፍ ኤ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ሲደርስ፥ ከአራት ሺህ የሚበልጡ ደጋፊዎች እስከ ደቡብ ጠረፍ እስከ ብራይተን ድረስ ተጓዙ። 5 ለ 0 ተሸንፈው ተመለሱ።

እንዲህ ያለው ተጓዥ ደጋፊ በእንግሊዝ ታናናሽ ሊጎች ብዙ ነው። ቅዳሜ በማለዳ ተነሥቶ በባቡር ወይም በአውቶቡስ አገር አቋርጦ፥ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በማያውቀው ከተማ ሜዳ ይገኛል። ሜዳው ብዙውን ጊዜ በመኖሪያ ቤቶች መካከል የተሸጎጠ ነው። በሉተን ከተማ በኬኒልዎርዝ ሮድ የእንግዳ ደጋፊዎች መግቢያ በተደረደሩት ቤቶች ሥር ያልፋል፤ ደጋፊው ደረጃውን ሲወጣ የሰው ጓሮ ቁልቁል ያያል። በአራቱ የላይኛ ደረጃዎች የሚጫወቱትን የ92ቱን ክለቦች ሜዳ ሁሉ ሳያዩ ላለመሞት የተሳሉ የሚመስሉ ሰዎችም አሉ።

ይህ ሥራ ፈትነት አይደለም ወይ የሚሉን አሉ። የሜዳውን አሮጌነት ብቻ የሚያደንቅ ካለ እኛም ከነርሱ ጋር ነን። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1985 በብራድፎርድ ከተማ የእንጨቱ አሮጌ መመልከቻ፥ ከሥሩ በተጠራቀመው ቆሻሻ እሳት ተያይዞ 56 ሰዎች ሞቱ። ከነርሱ ሁለቱ ከሊንከን የመጡ ተጓዥ ደጋፊዎች ነበሩ። የድሀ ክለብ ሜዳ ውበት አለው ስንል ይህን መርሳት የለብንም።

ሆኖም በተጓዡ ደጋፊ ዘንድ የምናደንቀው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ቡድኑ የኔ ነው ሲል እግሩን፥ ጊዜውንና ኪሱን መስጠቱ ነው። ይህ ባለቤትነት በወረቀት ላይ ካለው ባለቤትነት ይበልጥ እንደሚጸና ሁለት ታሪኮች ያስረዱናል።

ለንደን ውስጥ የነበረው የዊምብልደን ክለብ እ.ኤ.አ. በ1988 ሊቨርፑልን አሸንፎ የኤፍ ኤ ዋንጫን ወሰደ። በ2002 ግን ባለቤቶቹ ክለቡን ወደ ሩቋ ሚልተን ኪንስ እንዲያዛውሩ ተፈቀደላቸው። ደጋፊዎቹ ስሙንና ተጫዋቹን ተነጠቁ እንጂ አልተበተኑም። በዚያው ዓመት የራሳቸውን ክለብ አቋቁመው ከዘጠነኛው ደረጃ ጀመሩ፤ በ2011 ወደ አራተኛው ደረጃ ወጡ፤ በ2020 ወደ ጥንት መንደራቸው ወደ ፕላው ሌን ተመለሱ።

ሁለተኛው የበሪ ነገር ነው። በ1885 የተመሠረተው፥ ኤፍ ኤ ዋንጫን ሁለት ጊዜ የወሰደው ይህ ክለብ በዕዳ ምክንያት ነሐሴ 27 ቀን 2019 ከሊጉ ተባረረ። ይህም ግሪምስቢ እኛን ካሳዘነበት ሌሊት ልክ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው ዕለት ነው። የከተማው ሰዎች ሜዳቸውን ጊግ ሌንን ለማስመለስ ታግለው በ2023 እንደገና ኳስ አስጀመሩበት። እንዲህ ያለው ጥፋት ስለበዛ የእንግሊዝ ፓርላማ በ2025 ሕግ አውጥቶ ክለቦችን የሚቆጣጠር ነጻ አካል አቋቋመ። እኛ ይህን ሕግ የወለደው፥ በዝናብ ቆሞ የከረመው ደጋፊ ጩኸት ነው እንላለን።

እኛስ? በሺህ በሚቆጠር ማይል ርቀት ላለ ክለብ «ቡድናችን» እያልን እንጣላለን። ማሊያውን ለብሰናል፤ ሜዳውን አልረገጥንም፤ ቢዘጋም የሚጠይቀን የለም። ይህን ማየት ይቅር አንልም፤ እኛም የፊታችን ቅዳሜ እናያለን። ነገር ግን ከተወለድንበት ከተማ ቡድን ስንት ተጫዋች በስም እንጠራለን? በርግጥ ባለፉት ዓመታት የፕሪሚየር ሊጋችን ጨዋታዎች በጥቂት የተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው ሲካሄዱ ስለቆዩ፥ ብዙው ደጋፊ ቡድኑን በደጁ ለማየት አልታደለም። ይህ እውነተኛ ምክንያት ነው። ግን ሜዳችን ይታደስልን፥ ቡድናችን ይመለስልን ብሎ የጮኸ ተማሪ ማን ነው? ከፍ ካለው ሊግ በታች የሚጫወቱትንስ ለማየት ከአውቶቡስ ዋጋ በቀር ምን ያግደናል?

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ በመጪው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ አንድ ቅዳሜ ለከተማችን ቡድን እንስጥ፤ ቢቻል ወደ ጎረቤት ከተማ ሲሄድ አብረነው እንሳፈር። 5 ለ 0 ብንሸነፍም ግድ የለም። የበሪ ክለብ ሲዘጋ በሜዳው በር ላይ ቆሞ የሚያዝን ሰው ነበረው፤ የኛ ቢዘጋ ማን ይቆማል?